ሲቪ ላይ ያልተጻፈው ሥራ

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ፣ የአምዱ አዘጋጅ። በአንድ የመንግሥት ዩኒቨርሲቲ የ4ኛ ዓመት የሶሲዮሎጂ ተማሪ ነኝ፤ ዘንድሮ እመረቃለሁ። ሲቪ ለማዘጋጀት ስቀመጥ ከስሜ፣ ከትምህርት ክፍሌና ከውጤቴ በቀር የምጽፈው አጣለሁ። ጓደኞቼ ከኢንተርኔት ባወረዱት ቅጽ ላይ «ጥሩ የመግባባት ችሎታ፣ በቡድን የመሥራት ብቃት፣ ጫናን የመቋቋም አቅም» እያሉ ይሞላሉ፤ እኔ ግን ስለ ራሴ እንዲህ ልጽፍ ስል እጄ ይያዛል። ለ2 ዓመት የክፍላችን ተወካይ ነበርኩ፤ የመመረቂያ ጽሑፌን በጉልት ነጋዴ ሴቶች ላይ ሠርቻለሁ፤ ክረምት ክረምት ደግሞ የእናቴን ሱቅ እይዛለሁ። ከዚህ ውጪ የሥራ ልምድ የለኝም። አሠሪዎች የሚፈልጉትን ክህሎት ከየት አምጥቼ ልጻፍ? እባክዎ ይምከሩኝ።

መልስ፦ ውድ ጠያቂያችን፣ «የሥራ ልምድ የለኝም» ከማለትሽ በፊት ሦስት ሥራዎችን ጠቅሰሻል፤ ደመወዝ ስላልተከፈለሽባቸው ግን ከሥራ አልቆጠርሻቸውም። «ጥሩ የመግባባት ችሎታ» ብለሽ ለመጻፍ ማመንታትሽ ተገቢ ነው። ይህ ሐረግ በየአመልካቹ ሲቪ ላይ ስለሚገኝ ቀጣሪው አንዱን ከሌላው የሚለይበት ነገር አይሰጠውም። ፍርዱን የሚሰጠው አንባቢው ነው፤ ያንቺ ድርሻ የሚፈርድበትን ነገር ማቅረብ ነው። ስለዚህ የክህሎት ስም በመፈለግ አትጀምሪ፤ ከሠራሽው ተነሺ። ለእያንዳንዱ ሥራ ሁኔታው ምን እንደነበር፣ ከአንቺ ምን ይጠበቅ እንደነበር፣ ምን እንዳደረግሽና ምን እንደተገኘ በወረቀት ላይ ጻፊ፤ ስሙን መጨረሻ ላይ ታገኚዋለሽ።

ከመመረቂያ ጽሑፍሽ እንጀምር፤ ምክንያቱም ብዙ ተማሪዎች ርዕሱንና ያገኙበትን ውጤት ብቻ ጽፈው የሚያልፉት እርሱን ነው። ጉልት ላይ የተቀመጠች ሴት ገበያው በሚደራበት ሰዓት መጠይቅ ለመመለስ ጊዜ የላትም፤ ደብተር ይዞ ፊቷ የቆመ ሰው ደግሞ ደንብ አስከባሪ ወይም ግብር ሊመዘግብ የመጣ ሊመስላት ይችላል። አንቺ እነዚህን ሴቶች እንዴት አናገርሻቸው? የትብብር ደብዳቤውን ከትምህርት ክፍል አስጽፎ ቀበሌ ድረስ ያደረሰው፣ ኃላፊው የለም ሲባል ተመልሶ የሄደው ማን ነው? ገበያው ቀዝቀዝ የሚልበትን ሰዓት ለይተሽ ሄድሽ? ለጥናት መሆኑን፣ ስማቸው እንደማይጻፍ አስረዳሽ? ያልገባቸውን ጥያቄ በምን አማርኛ ለወጥሽው? የቀዳሽውን ድምፅ ቁጭ ብለሽ ወደ ጽሑፍ ስትመልሺና የተለያዩትን መልሶች በየርዕሳቸው ስትመድቢ ምን ያህል ጥንቃቄ ጠየቀሽ? በእነዚህ መልሶች ውስጥ ፈቃድ ማግኘት፣ የማያምንሽን ሰው ማሳመን፣ ማዳመጥ፣ መረጃ መያዝና መተንተን ሁሉም አሉ። እንግዲህ በሲቪሽ ላይ «ጥሩ የመግባባት ችሎታ» በሚለው ምትክ፣ እውነተኛውን ቁጥር አስገብተሽ፣ እንዲህ ልትጽፊ ትችያለሽ፦ «ከቀበሌ ፈቃድ አግኝቼ፣ 20 የጉልት ነጋዴ ሴቶችን በሥራ ቦታቸው አነጋግሬ፣ መልሶቻቸውን በጽሑፍ ገልብጬ በርዕስ በርዕስ ተንትኛለሁ።» ይህን የሚያነብብ ሰው ስለ ጉልት ምንም ግድ ባይኖረው እንኳ፣ የመስክ መረጃ ሰብሳቢ ለሚፈልግ ድርጅት፣ ብድር ጠያቂዎችን በየቤታቸው ሄዶ ለሚያነጋግር የማይክሮ ፋይናንስ ተቋም፣ የደንበኛ ቅሬታ ለሚቀበል ባንክ ምን ልትሠሪለት እንደምትችዪ ይገባዋል።

የእናትሽን ሱቅም አትናቂው። ሱቅ የያዘ ሰው ዱቤ ያውቃል፤ ማን በደመወዝ ቀን እንደሚከፍል፣ ማን እንደሚያዘገይ፣ የዘገየውን ሳያስቀይሙ፣ ደንበኝነቱንም ሳያጡ እንዴት እንደሚያስታውሱት ያውቃል። የዱቤውን መዝገብ አንቺ ከያዝሽ፣ ያለቀውን ዕቃ እየለየሽ ካስመጣሽ፣ ማታ ሒሳቡን ከዘጋሽ፣ እነዚህን በግልጽ ጻፊያቸው። ለቤተሰብ የተሠራ ሥራ በሲቪ ላይ አይገባም የሚለው አስተሳሰብ ብዙ ልጆችን፣ በተለይም ከትምህርት ጋር የቤት ኃላፊነት የተሸከሙ ሴት ተማሪዎችን፣ እየጎዳ ያለ ይመስለኛል።

ተወካይነትሽን በሚመለከት ትልቁ እንቅፋት ይሉኝታ ነው። እኛ ዘንድ «እኔ እንዲህ አደረግሁ» ማለት ትዕቢት ስለሚመስል ሰው በራሱ የሠራውንም «አደረግን» እያለ ይናገራል፤ በቃለ መጠይቅ ላይ ግን ጠያቂው «ታዲያ ያንቺ ድርሻ ምን ነበር?» ማለቱ አይቀርም። የእኔ ምክር፣ ውጤቱን «እኛ» እያልሽ ለክፍሉ ስጪ፤ ያንቺን እርምጃ ግን «እኔ» ብለሽ ተናገሪ። ለምሳሌ «በአንድ ቀን የተደራረቡ 2 ፈተናዎች ነበሩብን፤ የክፍሉን ሐሳብ በቴሌግራም ሰብስቤ፣ ያልተስማሙትን ለብቻ አነጋግሬ፣ አማራጭ ቀን ይዤ መምህሩ ቢሮ ሄድኩ፤ ፈተናው ተዛወረልን» ብትዪ ማንንም አልነጠቅሽም። የሃንድአውት ማባዣ ገንዘብ ሰብስበሽ ከነበረ፣ ቀሪውን እንዴት እንዳስታወቅሽ ጨምሪ፤ የሌላ ሰው ገንዘብ ይዞ ሒሳብ ማቅረብ አሠሪ በቁም ነገር የሚያየው ነው።

ይህን ሁሉ በአንድ ሲቪ ላይ አታጭቂ። የሥራ ማስታወቂያውን ሁለቴ አንብቢና ከሚጠይቀው የሥራ ዝርዝር ጋር የሚገጥሙትን ብቻ አስቀድሚ። ያልሠራሽውን ግን አትጨምሪ፤ የመረጃ መተንተኛ ሶፍትዌሩን ሳትነኪ «ኤስፒኤስኤስ እችላለሁ» ብትዪ፣ ጠያቂው አንድ ሠንጠረዥ እንድታብራሪ ሲሰጥሽ እውነተኛው ሥራሽም አብሮ ይጠረጠራል።

ጥያቄ፦ የዩኒቨርሲቲ መምህር ነኝ። ተማሪዎቻችን ከሐምሌ 2015 ዓ.ም. ጀምሮ ለሚሰጠው የመውጫ ፈተና ሌት ተቀን ይዘጋጃሉ፤ ምን መሥራት እንደሚችሉ ሲጠየቁ ግን ዝም ይላሉ። የማስተምረው የራሴ ኮርስ እያለብኝ በምን ልረዳቸው እችላለሁ?

መልስ፦ የመውጫ ፈተናው የትምህርት ክፍሉን ዕውቀት ይመዝናል፤ 50 በመቶ ያመጣ ያልፋል። እርስዎ የሚያነሡት ሌላው ክፍል ደግሞ ብዙ ተጨማሪ ሰዓት አይጠይቅዎትም። የቡድን ሥራ ሲያስረክቡ፣ እያንዳንዱ ተማሪ ምን እንዳደረገ፣ ምን እንዳስቸገረውና እንዴት እንደተወጣው በግማሽ ገጽ ጽፎ እንዲያያይዝ ያድርጉ። አንድ ክፍለ ጊዜ ካገኙ ደግሞ ሁለት ሁለት አድርገው ያስቀምጧቸው፤ አንዱ የሠራውን አንድ ነገር ይተርክ፣ ሌላው «ከዚያስ? አንተ ምን አደረግህ?» እያለ ይጠይቀው፣ የሰማውንም ይጻፍለት። ሰው ለራሱ ተራ የሚመስለውን ነገር ጓደኛው ያይለታል፤ ይሉኝታውም ይቀላል።

በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ በ1950ዎቹ የተጀመረው የዩኒቨርሲቲ አገልግሎት ተማሪዎችን ከመመረቃቸው በፊት ለ1 ዓመት ወደ ጠቅላይ ግዛቶች እየላከ፣ አብዛኞቹን በመምህርነት ያሠራ ነበር። ዛሬ ያን ያህል ጊዜ የለንም፤ ኢንተርንሺፕና የመስክ ልምምድ ግን አለ። ችግሩ ተማሪው ሲመለስ ሪፖርቱ ስለ ድርጅቱ ታሪክና መዋቅር ብቻ መሆኑ ነው፤ ስለ ራሱ ሥራ እንዲጽፍ ቢያዝዙት ለሲቪው የሚሆነውን ጽሑፍ እዚያው ያገኛል።

የድጋፍ ደብዳቤም ይጠየቃሉ። «ታታሪና ጨዋ ተማሪ ነበረች» ብቻ ብለው አይፈርሙ። ቤተ ሙከራ ውስጥ መሣሪያው ሲበላሽ ጓደኞቿ እስኪጠገን ሲቀመጡ እርሷ ልኬቱን በሌላ መንገድ ስትወስድ አይተው ከሆነ፣ ያንን ይጻፉላት፤ ተማሪዋም ግልባጩን ታንብበው።