ታፔላ ቤት ልግባ ወይ ላልሽኝ

ሜክሲኮ አካባቢ ያለ ታፔላ ቤት በድራፍተርነት (የሥራ ንድፍ አውጪነት) ሊቀጥርሽ ነው፤ አንቺ ደግሞ «የሕንፃ ንድፍ ተምሬ ታፔላ ልሣል እንዴ?» ብለሽ ጻፍሽልኝ። ግቢ ነው የምልሽ።

ሥራው ሥዕል አይደለም። ለደንበኛው ዓይን የሚሞላ ነገር የሚያሳየው ግራፊክሱን የሚሠራው ልጅ ነው። አንቺ ፊደሉ ስንት ሳንቲም እንደሚወፍር፣ ፍሬሙ በምን ዓይነት ቱቦላሬ እንደሚበየድ፣ ቡሎኑ የት እንደሚገባ፣ ሽቦው በየት እንደሚወጣ ታወጫለሽ፤ ቆራጩና በያጁ ሳይደውሉልሽ መሥራት ከቻሉ ንድፍሽ ጥሩ ነው። ሴክሽንና ዲቴይል (ተቆርጦ ሲታይ የውስጡን ንድፍና የመገጣጠሚያውን ዝርዝር) ማውጣት መቻልሽ እዚህ ጋ ነው የሚጠቅምሽ። ኮረልድሮው (የግራፊክስ ፕሮግራም) የሚችልማ ሞልቷል።

የሚጎድልሽ የዕቃው ጠባይ ነው። አክሪሊክ (ብርሃን የሚያሳልፈው የፕላስቲክ ሉህ) ብዙውን ጊዜ 1.22 በ2.44 ሜትር ሆኖ ነው የሚመጣው። 2.50 ሜትር ላይት ቦክስ (ከውስጥ የሚበራ ታፔላ) ብትነድፊ ለ6 ሳንቲም ብለሽ መገጣጠሚያ ታመጪያለሽ፣ ማታ ሲበራ መስመሩ ከመንገድ ማዶ ይታያል። የኛ ፊደልም የራሱ ጣጣ አለው። «መ»ን ላሜራ ላይ ቀዳዳ አድርገሽ ካስቆረጥሽ የሁለቱ ቀለበቶች መሃል ተቆርጦ ይወድቃል፤ ወይ ድልድይ (መሃሉን ከላሜራው ጋር የሚያይዝ ቀጭን ክፍል) ትተዪለታለሽ ወይ ከኋላ አክሪሊክ ላይ ታጣብቂዋለሽ። ፋይል ስትልኪ ደግሞ ጽሑፉን ከርቭ አድርጊው (ከፎንት ወደ መስመር ቅርጽ ቀይሪው)፣ አለዚያ በፓወር ግዕዝ (የአማርኛ መጻፊያ ፕሮግራም) የጻፍሽው ፎንቱ የሌለበት ኮምፒውተር ላይ የላቲን ትርኪምርኪ ሆኖ ይከፈታል (ያልተቀየረውን ኮፒ ግን አስቀሪ፣ ደንበኛ በመጨረሻ ሰዓት ስሙን ማስተካከሉ አይቀርም)። መብራቱ ላይ ሒሳብ ሥሪ፦ እያንዳንዱ ሞጁል (ውስጡ የሚደረደረው ትንሽ የኤልኢዲ መብራት) 0.72 ዋት ከሆነ 100 ሞጁል 72 ዋት ይፈጃል፤ ፓወር ሰፕላዩን (ለመብራቶቹ ኃይል የሚሰጠውን ዕቃ) 100 ዋት አድርጊው እንጂ ልክ ልኩን አትምረጪ።

ለቃለ መጠይቅ የቪላ ንድፍ ብቻ ይዘሽ እንዳትሄጂ። ከሜክሲኮ እስከ ስታዲየም በእግርሽ ሂጂና አንድ ታፔላ ምረጪ፤ ባለሱቁን አስፈቅደሽ ለኪው፣ ፊቱን፣ ጎኑንና አሰቃቀሉን በአውቶካድ (የንድፍ ፕሮግራም) አውጪ። ከዛ ሳይት ላይ ልኬት የሚወስደው ማን እንደሆነ ጠይቂያቸው። ሌላ ሰው ከሆነ አብሬ ልሂድ በይ፣ የድሮ ሕንፃ ግድግዳ ቀጥ ያለ መስሎ ያታልላል፤ ስህተቱ ሲመጣ ደግሞ የሚጠየቀው ንድፉ ነው።

ደመወዙን ተደራደሪ። የሙከራ ጊዜሽም በጽሑፍ ይሁን፤ በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ 1156/2011 መሠረት ከ60 የሥራ ቀን አይበልጥም፣ «ስድስት ወር እንይሽ» ካሉሽ ይሄን ንገሪያቸው።