አናጢነት ልማር ወይስ ሶፍትዌር?

ከሐዋሳ ለጻፍሽልኝ እህቴ፣

ጥያቄሽ ባጭሩ ይኸው ነው። በሚቀጥለው ዓመት በሥነ ሕንፃ ትመረቂያለሽ። የጃፓንን የፍል ውሃ ማረፊያዎች በፎቶ አይተሽ ልብሽ ተነሥቷል። ጃፓን ሄደሽ ያንን ሥራ መማር ትፈልጊያለሽ፤ የእጅ ሙያውን ታስቀድሚ ወይስ ሶፍትዌሩን፣ እሱ ነው ጭንቅሽ። አባትሽ ደግሞ «ይህን ሁሉ ዓመት የተማርሽው አናጢ ለመሆን ነው?» ብለውሻል።

ከላክሽልኝ ፎቶዎች አንዱ በጃፓን ያማጋታ አውራጃ፣ ጊንዛን ኦንሰን በሚባል የፍል ውሃ መንደር ያለው ፉጂያ የተባለ ማረፊያ ነው። አርክቴክቱ ኬንጎ ኩማ ነው፤ ያለቀው እ.ኤ.አ. በ2006። መቶ ዓመት ገደማ ያስቆጠረው የእንጨት ቤት ተፈታና አሮጌው እንጨት ተመልሶ ገባበት። ክፍሎቹ 8 ብቻ ናቸው። አንቺ የወደድሽው የቀርከሃ መከለያ 4 ሚሊሜትር ስፋት ካላቸው ስንጣሪዎች የተሠራ ነው። አሁን አንድ ነገር አስቢ፦ ቀርከሃ ስንት ድረስ ሲቀጥን እንደሚሰበር ማን ያውቃል? የሚሰነጥቀው ሰው ነዋ! አርክቴክት እሱን ሳይጠይቅ 4 ሚሊሜትር ብሎ ቢጽፍ ወረቀት ላይ ይቀራል። የምትፈልጊው ሙያ በዚህ በአርክቴክቱና በባለሙያው ንግግር ውስጥ ነው ያለው። አናጢ አትሆኚም፤ አናጢው የሚለውን የምትሰሚና ወደ ሥዕል የምትቀይሪ አርክቴክት ትሆኛለሽ።

ሌላው ፎቶ ሆሺኖያ ቶኪዮ ነው፤ እ.ኤ.አ. በ2016 የተከፈተ ሆቴል። ፍል ውሃው ከ1,500 ሜትር ጥልቀት ይወጣል። እንግዳ በር ላይ ጫማውን ያወልቃል፣ ሊፍቱ ውስጥ ሳይቀር ታታሚ የሚባለው የጃፓን ምንጣፍ ተነጥፏል። ፊቱ ላይ ያለው ጥልፍ የመሰለ ብረት ግን የድሮ የኪሞኖ፣ ማለትም የጃፓን ባህላዊ ልብስ፣ ንድፍ ነው። እውነቱን ለመናገር እኔን ብዙም አይማርከኝም። ለሥራ ፈላጊ ግን ትምህርት አለው፦ እንዲህ ያለ ትልቅ ሕንፃ ያለ ሶፍትዌር አይታሰብም። ስለዚህ ሶፍትዌሩን አትተዪው። ብቻውን ግን አይለይሽም፤ አብረውሽ የሚመረቁት ሁሉ ይችሉታል።

በደብዳቤሽ ውስጥ ያጣሁት ውሃውን ነው። ድኝ ያለበት ፍል ውሃ መዳብና ብር ያጠቁራል። የኩሳትሱ፣ የሌላው የጃፓን የፍል ውሃ ከተማ፣ ውሃ ፒኤች (የአሲድነት መለኪያ) 2 አካባቢ ነው፤ ማለትም ኃይለኛ አሲድ ስለሆነ ብረት ይበላል። እንፋሎቱ መውጫ ካጣ ምርጡ እንጨትም ይበሰብሳል። ቃለ መጠይቅ ላይ ይህን አንስተሽ ብታወሪ ከቆንጆ ሥዕል ይልቅ ትታወሻለሽ።

እስክትመረቂ አንድ ሥራ ብቻ ሥሪ። ሲዳማ ውስጥ ቀርከሃ የሚሠሩ ሰዎች አጠገብሽ ናቸው። ሄደሽ ተቀመጪ፣ ጠይቂ፣ ለኪ። ከዚያ አንድ የመከለያ ማዕዘን በእውነተኛ መጠኑ አብራችሁ ሥሩና ሥዕሉን በኮምፒውተር ሥሪ። የተሰበረውንም ፎቶ አንሺ፤ ለምን እንደተሰበረ ጻፊበት። ለጊዜሽና ለሙያቸው የሚገባውን መክፈልም አትርሺ።

ወደ ጃፓን ሁለት መንገድ አለ። አንዱ አዲስ አበባ ባለው ኤምባሲ በኩል የሚሰጠው የጃፓን መንግሥት የምርምር ተማሪዎች ስኮላርሺፕ ነው፤ ዕድሜ ከ35 በታች ይጠይቃል። ሌላው የጃይካ፣ የጃፓን ዓለም አቀፍ ትብብር ኤጀንሲ፣ «ኤቢኢ ኢኒሼቲቭ» የተባለ ስኮላርሺፕ ነው፤ ማስተርስ ከኩባንያ ልምምድ ጋር። አንቺ ገና ተመራቂ ስለሆንሽ የመጀመሪያውን እመርጥልሻለሁ። ጃፓንኛ ግን ዛሬ ጀምሪ። ማስተርሱን በእንግሊዝኛ ልታገኚው ትችያለሽ፤ ወርክሾፕ ውስጥ ያሉት ሽማግሌ በእንግሊዝኛ አያስተምሩሽም።

ሙያውን ቶሎ ካልያዝኩ ብሎ ለሚቸኩል ሰው ደግሞ ጃፓናዊው አርክቴክት ቴሩኖቡ ፉጂሞሪ አለልሽ። የሥነ ሕንፃ ታሪክ ምሁር ነበር፤ የመጀመሪያ ሕንፃው ያለቀው በ1991፣ በ40ዎቹ አጋማሽ ዕድሜው ነው። በ2005 ታኬታ ውስጥ የሠራው የላሙኔ ፍል ውሃ መታጠቢያ በተቃጠለ ጽድና በነጭ ልስን የተዥጎረጎረ ነው። እንጨቱን ላዩን ማቃጠል ከመበስበስ ይጠብቀዋል። የድሮ ዘዴ ነው።

ለአባትሽ ደግሞ እንዲህ በያቸው፦ ዩኔስኮ በ2020 የጃፓንን የእንጨት ሕንፃ ሙያዎች፣ 17 ዘርፎችን አንድ ላይ፣ በሰው ልጅ ቅርስነት መዝግቧል። ካልተዋጠላቸው የቀርከሃውን ማዕዘን ስትጨርሺ ቤት ይዘሽው ግቢ። ፖርትፎሊዮሽን፣ ማለትም የሥራዎችሽን ስብስብ፣ ለኤምባሲው ከማስገባትሽ በፊት ላኪልኝ፤ 15 ገጽ ይበቃል።