«ደብዳቤው»፦ ስለ ቤቲ ዴቪስ ፊልም ለጠየቃችሁኝ

የዊሊያም ዋይለርን «ደብዳቤው» እዩት ብዬ ነበር፤ አይታችሁት ጥያቄ አዘነባችሁብኝ። የቻልኩትን ያህል እነሆ። ላላያችሁት በአጭሩ ታሪኩ ይህ ነው። ዘመኑ እንግሊዞች ማላያን (የዛሬዋ ማሌዥያ አካል ናት) የሚገዙበት ነው። ሮበርት ክሮዝቢ የጎማ እርሻ ያስተዳድራል። እሱ ቤት በሌለበት ሌሊት ሚስቱ ሌዝሊ (ቤቲ ዴቪስ ናት) ጄፍሪ ሃመንድ የሚባል ሰው ተኩሳ ትገድላለች። «ሊደፍረኝ ሲል ነው» ትላለች፤ ሁሉም ያምናታል። ከዚያ ሟቹን በዚያው ቀን «ና» ብላ የጻፈችለት ደብዳቤ እንዳለ ይሰማል። ደብዳቤው በሟቹ ሚስት እጅ ነው፤ ዋጋው 10,000 ዶላር። ከዚህ በታች መጨረሻውን ጨምሮ ሁሉንም ስለምዘረግፈው፣ ሳታዩት መስማት የማትፈልጉ እዚህ ላይ ተመለሱ።

ጥያቄ፦ ገዳይዋን ገና ፊልሙ ሲጀምር አየናት። ታዲያ ምኑ ነው የሚያጓጓው?

እኔም ፊልሙን የምወደው በዚሁ ነው። «ማን ገደለ?» የሚለውን በሁለት ደቂቃ ውስጥ ይጨርስልሃል። መጀመሪያ ጨረቃ፣ ቀጥሎ የጎማ ዛፍ፣ ከዛፉ ጠብ ጠብ የሚል ነጭ ፈሳሽ። ካሜራው ሳይቸኩል ይሄዳል፤ ሠራተኞቹ ከሙቀቱ የተነሳ ውጭ በተንጠለጠለ አልጋ ላይ ተኝተዋል። ድንገት ተኩስ። አንድ ነጭ ወፍ ብር ይላል። ሰውየው እየተንገዳገደ ከበረንዳው ሲወጣ ሴትየዋ ተከትላው ትተኩሳለች። ከወደቀም በኋላ አታቆምም፤ ስድስቱንም ትጨርሰዋለች።

አሁን ፊቷን ተመልከት። የፈራች ሴት ፊት አይደለም። ከደቂቃዎች በኋላ «ከመጀመሪያው ጥይት በኋላ ምንም አላስታውስም» ስትል ሰዎቹ በሐዘኔታ ይሰሟታል፤ አንተ ግን አይተሃታል። ከዚያ ወዲያ የሚያጓጓው እሷ ስትዋሽ ማየት ነው፤ ከእሷም ይልቅ ሌሎቹ ውሸቱን ለማመን ሲደክሙ ማየት።

ጥያቄ፦ ይህ እውነት ኖይር (ያ ወንጀልና ክህደት የሞላበት፣ ጥላ የሚበዛበት የፊልም ዓይነት) ይባላል? መርማሪ የለ፣ ዝናብ የጣለበት አስፋልት የለ።

አንዳንዶች የኖይር ዋዜማ ነው ይላሉ፤ ፊልሙ በወጣበት በ1940 (ዓመቶቹን ሁሉ እንደ ፈረንጆቹ ነው የምቆጥረው) ገና መንገዱ እየተጠረገ ነበርና። ለእኔ ኖይር ነው። ውሽማ አለ፣ ሬሳ አለ፣ የማትጨበጥ ሴት አለች፣ ቀስ በቀስ የሚበላሽ ደኅና ሰው አለ። የካሜራ ባለሙያው ቶኒ ጋውዲዮ የመስኮቱን መዝጊያ ጥላ ሌዝሊ ላይ ሲጥለው እስር ቤት ሳትገባ ታስራ ታያታለህ። ከዚህ በላይ ምን ልጨምርልህ?

ጥያቄ፦ የፍርድ ቤቱ ክፍል ለምን እንዲህ አጠረ? ሙሉ ክርክር ጠብቄ ነበር።

ክርክሩ ከፍርድ ቤት ውጭ ስላለቀ ነዋ! ደብዳቤው ከተገዛ በኋላ ችሎቱ ወግ ማድረሻ ነው፤ ጁሪውም፣ ማለትም ፍርድ እንዲሰጡ የተመረጡት ተራ ሰዎች፣ ነጻ ይለቋታል።

ዋናው ችሎት ያለው ጠበቃው ሃዋርድ ጆይስ ውስጥ ነው። ጀምስ ስቲቨንሰን ነው የሚጫወተው፤ ለእኔ የፊልሙ ምርጥ ትወና የእሱ ነው። ጆይስ ሐቀኛ ሰው ነው፤ የባልየው ወዳጅ ነው። አንድ ቀን የቢሮው ጸሐፊ ኦንግ ቺ ሴንግ እጅ ነስቶ፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ የደብዳቤውን ግልባጭ ያሳየዋል። ኦንግ አንዲት የማስፈራሪያ ቃል አይወጣውም። ትሕትናው ነው ቆዳ የሚያሳክከው። ጆይስ ማስረጃ መግዛት ወንጀል መሆኑን ከማንም በላይ ያውቃል፤ ሙያውን እንደሚያሳጣውም ያውቃል። ግን ያደርገዋል። ስቲቨንሰን አይጮህም፣ ጠረጴዛ አይደበድብም። ሰውየው ከውስጥ ሲናድ የምናየው በዓይኑ ብቻ ነው። ለጁሪው የመጨረሻውን ንግግር ሲያደርግ በዚህ ዓይን እዩት፤ ተከሳሹ እሱ ይመስላል።

የሚያሳዝነው፣ ስቲቨንሰን ለኦስካር በታጨበት በዚያው ዓመት፣ በ1941 በልብ ሕመም ሞተ።

ጥያቄ፦ ዳንቴሉ ነገር አለው? ሴትየዋ ሁልጊዜ እየሠራች ነው።

አለው እንጂ፣ እህቴ። እጇ ሥራ ሲይዝ ዓይኗን መደበቅ ትችላለች። ለማየት ደግሞ ጨዋ የቤት እመቤት ያስመስላታል።

ደብዳቤውን የምትቀበልበትን ሌሊት ግን ልብ በይ። ባለደብዳቤዋ ሚስስ ሃመንድ «ራሷ ካልመጣች አልሰጥም» ብላለች። ሌዝሊ ነጭ የዳንቴል ሻርፕ ተከናንባ ቻይናዎቹ ሰፈር ያለች ሱቅ ትሄዳለች። ሚስስ ሃመንድ መጀመሪያ ሻርፑን አውልቂ ታስብላታለች። ያቺ መሸሸጊያዋ እዚያ ትቀራለች። ከዚያ ደብዳቤውን እጇ ላይ አታስቀምጥላትም፤ መሬት ላይ ትጥለዋለች። ሌዝሊ ጎንበስ ብላ ከእግሯ ስር ታነሳና «አመሰግናለሁ» ትላለች። የቅኝ ገዢ ሚስት፣ በዚያ ዘመን፣ በዚያ አገር! ዳኛ ያልፈረደባትን እዚያች ሱቅ ውስጥ ተፈርዶባታል።

ጥያቄ፦ ሚስስ ሃመንድን የምትጫወተው እስያዊት ናት?

አይደለችም። ጌል ሶንደርጋርድ የዴንማርክ ዝርያ ያላት አሜሪካዊት ናት፤ በሜካፕ ነው እንዲያ ያደረጓት። የዘመኑ ሆሊዉድ ልማድ ነበር፤ ዛሬ ሲታይ ያሳፍራል። ኦንግን የሚጫወተው ሴን ዩንግ ግን ሳን ፍራንሲስኮ የተወለደ ቻይናዊ አሜሪካዊ ነው። ልዩነቱ ራሱን ያሳያል። እሷ እንደ ሐውልት ትቆማለች፣ እሱ ሰው ነው። ሴትየዋ ፊልሙ በተወሰደበት በእንግሊዛዊው ደራሲ በሶመርሴት ሞም ጽሑፍ የሟቹ ሚስት አልነበረችም፤ አብራው የምትኖር ቻይናዊት ነበረች። ሳንሱሩ አስፈርቷቸው ነው ቀለበት ያጠለቁላት።

ጥያቄ፦ ወይዘሮዋ ነጻ ከወጣች በኋላ ለምን ገደሏት? እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል ለማለት ነው?

ምነው በሆነ! የደንብ ነገር ነው። ያኔ ሆሊዉድ የሚተዳደረው ወንጀለኛ ሳይቀጣ ፊልም እንዳያልቅ በሚከለክል የሥነ ምግባር ደንብ ነበር። ፊልሙ የተሠራበት የሶመርሴት ሞም ተውኔት ግን ጨካኝ ነው። ሴትየዋን ይተዋታል፤ ከማትወደው ባሏ ጋር፣ የገደለችውን እየወደደች ትኑር ይላል። በፊልሙ ሚስስ ሃመንድ አትክልቱ ቦታ ጠብቃ በጩቤ ትገድላታለች። ገዳይዋም ወዲያው ፖሊስ እጅ ትወድቃለች፤ የእሷም ወንጀል መቀጣት አለበታ።

ዋይለር ግን ብልህ ነው። ሌዝሊ ጩቤው እንደሚጠብቃት እያወቀች በራሷ እግር ወደ ጨለማው እንድትሄድ አደረጋት። ሳንሱሩ ቅጣት አየ፣ እኔ ምርጫ አየሁ።

ጥያቄ፦ «የገደልኩትን ሰው ዛሬም እወደዋለሁ» የምትልበት ቦታ ላይ ዳይሬክተሩና ተዋናይዋ ተጣሉ የሚባለው እውነት ነው?

እውነት ነው። ቤቲ ዴቪስ «ማንም ሴት ይህን የባሏን ዓይን እያየች አትለውም፤ ዞሬ ልበለው» አለች። ዋይለር «ፊት ለፊት» አለ። ተናዳ ቀረጻውን ጥላ ወጣች፤ ኋላ ተመልሳ እሱ እንዳለው አደረገችው። እሷ ግን እስከ እርጅናዋ ልክ ነበርኩ ትል ነበር። እኔ ከዋይለር ጋር ነኝ። ዞራ ብትለው ለራሷ የምታወራው ነው የሚሆነው። ዓይኑን እያየች ስትለው ሁለተኛ ሰው ገደለች።

ጥያቄ፦ ባልየው ግን እንዴት ያለ ሞኝ ነው?

ተው፣ አትፍረድበት። ስለ ደብዳቤው ሲነግሩት ምን እንዳለበት ሳያውቅ ነው ግዙት ያለው። በቁጠባው ሱማትራ ላይ እርሻ ሊገዛ እያለመ ነበር። ነጻ ከወጣች በኋላ ዕቅዱን በደስታ ሲያወራ ሌዝሊና ጆይስ መሬት መሬት ያያሉ፤ ገንዘቡ የለማ። ኸርበርት ማርሻል ያቺን ደቂቃ እንዴት እንደተጫወታት! የሚገርመው፣ በ1929 በተሠራው የመጀመሪያው ፊልም ውስጥ ሟቹን ውሽማ የተጫወተው ራሱ ማርሻል ነው።

ጥያቄ፦ ታሪኩ እውነተኛ ነው?

መነሻው አዎ። በ1911 ኩዋላ ላምፑር ውስጥ ኤተል ፕራውድሎክ የምትባል የትምህርት ቤት ርዕሰ መምህር ሚስት ዊሊያም ስቴዋርድ የሚባል የማዕድን ሥራ አስኪያጅ ቤቷ በረንዳ ላይ ተኩሳ ገደለች። ሊደፍረኝ ነው አለች። እሷ ግን እንደ ሌዝሊ አልቀናትም፤ ጥፋተኛ ተባለችና ሞት ተፈረደባት። ኋላ የሰላንጎር ሱልጣን ምሕረት አደረጉላትና ወደ እንግሊዝ ሄደች። ሞም በ1921 ወደዚያ ሲዘዋወር ወሬውን ሰምቶ በአጭር ልብ ወለድ ጻፈው፤ ቀጥሎ ተውኔት አደረገው። ፍርዱን ገልብጦ ነጻ ማውጣቱ የደራሲው ሥራ ነው። እውነተኛው ፍርድ ቤት ከልብ ወለዱ የበለጠ ጨክኗል።

ጥያቄ፦ ኦስካር አገኘ?

ለ7 ታጨ፣ ባዶ እጁን ተመለሰ። ምርጥ ፊልም የሂችኮክ «ሬቤካ» ሆነ።

ጥያቄ፦ ከዚህ ቀጥዬ ምን ልይ?

በ1947 የወጣ «ታማኝ ያልሆነችው» የሚል ፊልም አለ፤ አን ሸሪደን ናት። ይህንኑ ታሪክ ወደ ሎስ አንጀለስ ወስደው፣ በደብዳቤው ፋንታ የሴትየዋን ፊት የሚያሳይ ቅርጽ አስገብተዋል። ደኅና ነው፣ ግን ጥርሱ ወልቋል። እኔ ብሆን የ1929ኙን አስቀድማለሁ። ድምፁ ይንኮሻኮሻል፣ ካሜራው አይንቀሳቀስም። ነገር ግን ያ የሥነ ምግባር ደንብ ገና ጥርስ ሳያወጣ የተሠራ ስለሆነ ሚስትየዋን ማንም አይገድላትም። እዚያ ሌዝሊን የምትጫወተው ጂን ኢግልስ ያቺን የመጨረሻ ቃል ባሏ ላይ እንዴት እንደምትተፋው ስሙና ከዴቪስ ጋር አወዳድሩ።