መልስ፦ የወሲብ ጥናት በኪንሲ ነው የተጀመረው?

ወንድሜ፣ የወሲብ ጥናት በኪንሲ፣ በአሜሪካዊው ተመራማሪ ነው ወይ የተጀመረው ላልከው፣ አይደለም። ሂርሽፌልድ የሚባል ጀርመናዊ ዶክተር በርሊን ላይ የወሲብ ሳይንስ ኢንስቲትዩት የከፈተው 1919 ነው (በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የምጽፍልህ)፣ 1933 ላይ ናዚዎች ዘረፉትና መጽሐፎቹን አደባባይ አውጥተው አቃጠሉበት፣ እኔን የሚያንገበግበኝ እሱ ነው። ኪንሲማ መጀመሪያ የተርብ ተመራማሪ ነበር እኮ ሃሃ፣ 1948 ላይ ያወጣው የወሲብ ጥናት መጽሐፍም ስለ አሜሪካ ወንዶች ብቻ ነው። የተለያየ ባህል ማወዳደር ከሆነ የፈለከው፣ ፎርድና ቢች የሚባሉ ተመራማሪዎች 1951 ላይ 190 የሚሆኑ ማህበረሰቦችን አነጻጽረዋል፣ ግን ብዙውን ሌሎች የጻፉትን ሰብስበው ነው፣ እና ሰው ለእንግዳ ምን ያህል እውነቱን ይናገራል? እዚህ ጎንደር አክስቴ ቤት ቡና ላይ እንዲህ ያለ ወሬ ከተነሳ እትዬ ሶስተኛው ሳይቀዳ ሲኒ መሰብሰብ ትጀምራለች፣ ደብተር ይዞ ለመጣ ፈረንጅማ ምን ልትለው።