መልስ፦ የሕፃናት ጥበቃ በኢትዮጵያ የተጀመረው መቼ ነው?

እህቴ፣ «በ1987ቱ ሕገ መንግሥት ነው የተጀመረው?» ላልሽው፣ ከዚያ በፊትም ነበር። የወላጅ አልባ ልጅ ነገር ለዘመናት የዘመድ፣ የጎረቤትና የጉዲፈቻ ጉዳይ ሆኖ ቆይቷል። የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ ሞግዚትነትንና ጉዲፈቻን በጽሑፍ ደነገገ፤ ግን ሴት ልጅ በ15 ዓመቷ እንድትዳር ይፈቅድ ነበር። ይህ እስከ 1992ቱ የቤተሰብ ሕግ ድረስ መቆየቱ ዛሬም ያንገበግበኛል።

የተባበሩት መንግሥታትን የሕፃናት መብቶች ስምምነት አገራችን የተቀበለችው በግንቦት 1983፣ ደርግ ሊወድቅ ሁለት ሳምንት ሲቀረው ነው። ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 36 አጸናው።

ለእኔ ትልቁ እርምጃ ግን በ2000 ዓ.ም. የፌዴራል ጠቅላይ ፍርድ ቤት ሰበር ችሎት (በመጨረሻ ፍርዶች ላይ የሕግ ስሕተት መኖሩን የሚመረምረው ችሎት) በመዝገብ ቁጥር 23632 የሰጠው ውሳኔ ነው። እናቱ የሞተችበትን ልጅ ያሳደገችው አክስቱ ነበረች፤ አባት ሞግዚትነቱ ይገባኛል ብሎ ቀረበ። ችሎቱ «አባት ነውና ይውሰድ» አላለም፤ ለልጁ የሚበጀውን መርምሮ ለአክስቲቱ ፈረደ። ሰበር ችሎት ለሕግ የሚሰጠው ትርጉም የሥር ፍርድ ቤቶችን ስለሚያስገድድ፣ የልጅ ክርክር ሲነሳ ዳኞች ዛሬም ይጠቅሱታል።

ለውጭ አገር ዜጎች የሚሰጥ ጉዲፈቻ የተከለከለው በ2010 ነው።