ግንቡ ለምን ወደቀ?

ውድ ልጆቼ፣ እንደምን ሰነበታችሁ?

ባለፈው እሁድ ከቅዳሴ በኋላ ከእናንተ አንዷ ዋርካው ሥር ጠብቃ ያዘችኝ። ስልኳን ከነጠላዋ ሥር አውጥታ አንድ ቪዲዮ አሳየችኝ። አንድ ሰው ስለ አንድ አደጋ ይናገራል። የሞቱት በዚህ በዚህ ኃጢአት ነው እያለ ይቆጥራል። «ጋሼ፣ እውነት ነው?» አለችኝ። ፊቷን ሳየው የምር ጨንቋታል። ባጃጁ እየጠበቀኝ ነበር፤ መልሱ ደግሞ በቁም የሚያልቅ አይደለም። ቤቴ ገብቼ ይህን ጻፍኩ። ለእሷ የጀመርኩት ነው፤ ግን ሁላችሁም አንብቡት።

ሠላሳ አራት ዓመት በሲቪል ምህንድስና ሠርቻለሁ፤ አብዛኛውን እዚሁ ባሕር ዳር። የከተማችንን አፈር ታውቁታላችሁ። ጥቁር ዋልካ ነው። በክረምት ውሃ ጠጥቶ ያብጣል፤ በበጋ ደርቆ እጅ እስኪያስገባ ይሰነጠቃል። ያንን አፈር ቆፍሮ ሳያወጣ የሠራ ሰው ቤቱ ገና ሳይሞቀው ግድግዳው ከጥግ እስከ ጥግ ይተረተራል። ጌታችን ቤቱን በአሸዋ ላይ ስለሠራው ሰው ሲናገር ሰሚዎቹ ባሕር ዳሮች ቢሆኑ ኖሮ «በዋልካ ላይ» ይላቸው ነበር ብዬ አስባለሁ። እሱ ሁልጊዜ ሰዎቹ ከሚያውቁት ይነሳ ነበር። ከመረባቸው፣ ከእርሾአቸው፣ ከጠፋባቸው ድሪም። ስለዚህ በየቀኑ ከምናየው ነገር መንፈሳዊ ትምህርት መፈለግ መልካም ነው። እኔም የኖርኩበት ነው። ግን በዚሁ መንገድ አንድ ሰው ጎድቻለሁ፤ እሱን ሳልነግራችሁ ምክር ብሰጥ ውሸታም እሆናለሁ።

በ1988 ዓ.ም. ገና ወጣት መሐንዲስ ነበርኩ። ከቤዛዊት ኮረብታ ግርጌ በአንድ ግቢ ውስጥ የድንጋይ ደጋፊ ግንብ አሠራ ነበር። ደጋፊ ግንብ ማለት ከኋላው ያለውን አፈር ይዞ የሚቆም ነው። ከአፈሩ ይልቅ የሚጥለው ውሃ ነው። ዝናብ ሲዘንብ ውሃው ከግንቡ ኋላ ይጠራቀማል፤ መውጫ ካጣ ይገፋል። ለዚህ ነው ከኋላው ጠጠር የሚሞላው፣ በግንቡም ውስጥ ትንንሽ ቱቦዎች የሚቀበሩት። ውሃው በእነሱ እየተንጠባጠበ ይወጣል።

ቱቦው አልመጣም ነበር። ባለቤቱ ክረምት ሳይገባ ጨርሱልኝ እያለ ያጣድፋል። ፎርማኑ «ምን ይሻላል?» አለኝ። «ዝም ብለህ ገንባ፣ በኋላ እንበሳዋለን» አልኩት። አልበሳነውም።

ሰኔ 12 ለሊቱን ሙሉ ሲዘንብ አደረ። ሰኔ ሚካኤል ነው፤ ሰው ሁሉ ንግሥ ሄዷል። አራት የቀን ሠራተኞች ግን ግንቡ ሥር የሞላውን ጭቃ ይዝቁ ነበር። ሦስት ሰዓት ገደማ ግንቡ መሃሉ ላይ አበጠ፤ ከዚያ ተናደ። ሦስቱ ዘለው አመለጡ። አንዱ፣ ሃያ ዓመት እንኳ የሞላው የማይመስል ልጅ፣ ግራ እግሩ ከድንጋይ ሥር ቀረ።

ሳይመሽ ሰፈሩ ምክንያቱን አገኘ። «በሚካኤል ቀን ሠርተው ነዋ!» ባለቤቱም ይህንኑ አለ። ፎርማኑ ቀና ብሎ አየኝ። እኔ መሬት መሬቱን አየሁ። ከግንቡ ኋላ ውሃ እንደነበር አውቃለሁ። ቱቦ እንደሌለው አውቃለሁ። ግን ዝም አልኩ። እንዲያውም እውነት ነው እንደሚል ሰው ራሴን ነቀነቅኩ። ጥፋቱ የልጁ ከሆነ የእኔ አይሆንማ።

ሁለት ዓመት አለፈ። አንድ ማታ የሉቃስን ወንጌል ሳነብ ምዕራፍ 13 ላይ ደረስኩ። ሰዎች ወደ ጌታችን መጥተው የሰሞኑን ወሬ ይነግሩታል። ጲላጦስ የገሊላ ሰዎችን ደም ከመሥዋዕታቸው ጋር ደባለቀ ይሉታል። ከባድ ዜና ነው፤ ፖለቲካም አለበት። እሱ ሌላ ይጨምርላቸዋል። በሰሊሆም ግንብ ወድቆ 18 ሰዎች ገድሏል። እነዚያ ሰዎች በኢየሩሳሌም ከሚኖሩት ሁሉ ይልቅ በደለኞች ይመስሏችኋልን? ብሎ ይጠይቃል። መልሱንም ራሱ ይሰጣል፤ አይደለም፤ ነገር ግን ንስሐ ባትገቡ ሁላችሁ እንዲሁ ትጠፋላችሁ።

ከዚህ በፊት ስንት ጊዜ አንብቤው አልፌ ነበር። ያን ቀን ግን ከ«ግንብ» ከሚለው ቃል ማለፍ አቃተኝ። ለሊቱን አልተኛሁም።

ልጁን አፈላልጌ ሐይቁ ዳር አገኘሁት። ዓሣ ያጸዳል። ቢላው በእጁ ላይ ይፈጥናል፤ ሲነሳ ግን ያነክሳል። አጠገቡ ድንጋይ ላይ ተቀመጥኩና ስለ ቱቦው ነገርኩት። አንድም ሳላስቀር። ብዙ ዝም አለ። የያዘውን ቀረሶ ጨርሶ ወደ ሳፋው ጣለ። ከዚያ «እኔኮ ሚካኤል የመታኝ መስሎኝ ነበር» አለኝ። «ከዚያ ቀን ወዲህ ደጁን አልረገጥኩም። ፈራሁት።»

እግሩ በእኔ ቸልተኝነት ተሰበረ፤ ሐኪም ጠገነው። በእግዚአብሔርና በእሱ መካከል የገባውን ፍርሃት ግን ያስገባነው እኛ ነን፤ የተረጎምነው ሰዎችና ዝም ያልኩት እኔ። ለሁለት ዓመት መልአኩን እንደ ጠላት ሲፈራ ኖሯል። ልጆቼ፣ «ይህ የመጣበት በኃጢአቱ ነው» የምትል አንዲት ቃል የምትሠራውን አይታችኋል?

ለዚህ ነው የምለምናችሁ። ዜና ስትሰሙ፣ አደጋ ስታዩ፣ ትምህርቱን መጀመሪያ ወደ ራሳችሁ አዙሩት። ግንበኛ ቱንቢ ሲሰቅል አይታችሁ ይሆናል። ክር ነው፤ ጫፉ ላይ ብረት አለው። ግንበኛው የሚያስጠጋው ራሱ በሚገነባው ግድግዳ ላይ ነው። ነቢዩ አሞጽም እግዚአብሔርን ቱንቢ ይዞ በቅጥር ላይ ቆሞ አይቶታል። ቱንቢውን የያዘው እሱ ነው። እኔ ግድግዳው ነኝ። ይህን ስረሳ ነው ቱንቢ ቀምቼ የጎረቤቴን ግድግዳ ለመለካት የምሮጠው።

ምክንያት መፈለግንም አትናቁ። «እንዲህ ያለው ነገር ከእግዚአብሔር ነው» ብሎ ምርመራ ማቆም እምነት ይመስላል። እኔ ግን የተደበቅኩት እዚያ ውስጥ ነበር። ንስሐ ስገባ የንስሐ አባቴ ስግደትም ጾምም ሰጡኝ። ከዚያ «ያ ግንብ አሁን ቱቦ አለው?» ብለው ጠየቁኝ። ምህንድስና አልተማሩም፤ ነገሩ ግን ገብቷቸዋል።

በሐምሌ 2016 ዓ.ም. አጋማሽ በጎፋ ዞን፣ ገዜ ጎፋ ወረዳ የደረሰውን ታስታውሳላችሁ። ብዙ ዝናብ ከዘነበ በኋላ ተራራው ተንዶ ከ200 በላይ ሰው ሞተ። ያኔም «ቁጣ ነው» ያሉ ነበሩ። ግን ዜናውን እስከ መጨረሻው አንብቡት። መጀመሪያ የወረደው ናዳ ቤቶችን ቀበረ። ጎረቤት ሰምቶ ሮጠ። በእጅም በአካፋም እየቆፈሩ ሳለ ሁለተኛው ናዳ በቆፋሪዎቹ ላይ ወረደ። ከሞቱት ብዙዎቹ ሌላውን ሊያድኑ የመጡ ናቸው። ነፍሱን ስለ ወዳጆቹ ስለሚሰጥ ሰው በዮሐንስ ወንጌል የተጻፈውን ከዚህ አጠገብ አስቀምጡትና፣ ማን ነው በእነሱ ላይ ለመፍረድ አፉን የሚከፍተው? እኔ ያን ዜና ስሰማ ራሴን የጠየቅኩት ሌላ ነው። የእኔ ጎረቤት ቢጮህ እሮጣለሁ ወይስ ስልኬን አውጥቼ እቀርጻለሁ?

ወደ ሐይቃችን ልመለስ። እምቦጭ የሚባለው የውሃ አረም ከ2004 ዓ.ም. ገደማ ጀምሮ ጣናን ሲያስጨንቅ ኖሯል። ስንት ስብከት ተሰብኮበታል! ኃጢአት እንደ እምቦጭ ነው፤ አበባው ሐምራዊ፣ ሲያዩት ያምራል፤ ሲመቸው በሁለት ሳምንት ገደማ እጥፍ ይሆናል። እውነት ነው፣ ጥሩ ምሳሌ ነው። ሆኖም ሰዎች ሌሎች ሰዎችን «እምቦጭ» ብለው ሲጠሩ ስሰማ ደንግጫለሁ። ሰው አረም ከተባለ ቀጥሎ የሚመጣው መንቀል ነው። ጌታችን ደግሞ በስንዴውና በእንክርዳዱ ምሳሌ አገልጋዮቹን የከለከለው ይህንኑ ነው፤ እስከ መከር ተዉአቸው አለ።

በዚያ ላይ እምቦጭ ምን በልቶ እንደሚያድግ እዩ። ተንሳፋፊ ነው፤ ምግቡን የሚያገኘው ከውሃው ነው። ርብ፣ ጉማራና መገጭ ከየማሳው አጥበው የሚያወርዱት አፈርና ማዳበሪያ አለ። ከእኛ ከከተማው ሰዎችም ፍሳሽ አለ። ከውጭ የመጣ አረም ነው፤ ከደቡብ አሜሪካ። ያወፈረው ግን የእኛው ነው። በጥቅምት 2013 ዓ.ም. በነበረው የአንድ ወር ዘመቻ ገበሬው እስከ ወገቡ ውሃ ውስጥ ገብቶ በእጁ ሲያወጣ ውሏል። እግዚአብሔር ድካማቸውን ይቁጠርላቸው። ዘሩ ግን ጭቃው ውስጥ ለዓመታት ይቆያል። ይህን ሳስብ በልቤ ያለው ቂም ትዝ ይለኛል። ስንቴ ነቅዬዋለሁ፤ ከሥር የማፈስለትን ግን አላቆምኩም። ማታ ማታ የማያቸው የስድብ ቪዲዮዎች ምግቡ ናቸው።

ትምህርት ሲመቸኝ እጠረጥረዋለሁ። ሲጎረብጠኝ ግን እቀበለዋለሁ። የህዳሴ ግድብ ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. ሲመረቅ ባሕር ዳር ውስጥ ደረታችንን ነፍተን «አባይ ከኛ ነው የሚነሳ» አልን። ደስ ብሎን ነው፣ ይገባናል። ግን ግድቡ ጋ ከሚደርሰው ውሃ ከጣና የሚሄደው ከአሥር እጅ አንዱ እንኳ አይሆንም። ከቀሪው ብዙውን በሽሎ፣ ጀማ፣ ሙገር፣ ደዴሳ፣ ዳቡስ ያመጡታል፤ ከወሎ፣ ከሸዋ፣ ከወለጋ። ይህን ለአንድ ጎረቤቴ ብነግረው ቅር አለው። እኔንም መጀመሪያ ስማረው ቅር ብሎኝ ነበር።

ሁሉም ነገር እንዲህ ከባድ መሆን የለበትም። ጠዋት ጠዋት ሐይቁ ዳር በእግሬ እሄዳለሁ። አንድ ቀን አንድ ሰው ታንኳውን ከውሃ ሲያወጣ ቆሜ አየሁ። ደንገል ከሚባለው የሐይቅ ዳር ሣር የተሠራ ታንኳ ውሃ ይጠጣል። ስለዚህ ከሥራ በኋላ ጎትተው አውጥተው ያቆሙታል፤ ውሃው በጫፉ ይንጠባጠባል፣ ፀሐይ ያደርቀዋል። ካልደረቀ ይከብዳል፣ ቶሎ ይበሰብሳል። ሰውየው በሁለት እጁ አቅፎ ዛፍ ላይ ሲያስደግፈው ሕፃን የሚያስተኛ ይመስል ነበር። ሰንበት ትዝ አለኝ። ቶሎ ብዬ ለልጄ ልጽፍለት አሰብኩ፤ «ከሥራ ትንሽ ውጣ፣ እረፍ» ልለው። ከዚያ ቆም አልኩ። ጡረታ ወጥቼ እንኳ እሁድ ከሰዓት የሰው ፕላን የማርመው ማን ሆነና? ለልጄ አልጻፍኩም። እሁድ ፕላን ማየት ተውኩ።

የሰሞኑን የክልላችንን ዜና ሳልነካ ማለፍ አልችልም። ከ2015 ዓ.ም. ክረምት ወዲህ የምንሰማው ሞት ነው። ከእናንተ መካከል ዘመድ የቀበራችሁ አላችሁ፤ ትምህርት የተቋረጠባችሁ አላችሁ። ስለዚህ ብዙ ማውራት አልፈልግም፤ ቁስሉ ገና ነው። አንድ ነገር ብቻ ልበል። ቁጥር ስታነቡ አትቸኩሉ። «አሥራ አምስት ሰው» ሲባል አሥራ አምስት እናት አለች። በየትኛውም ወገን ይሁኑ ነፍስ ይማር በሉ። ያላረጋገጣችሁትን ደግሞ ለሌላ አትላኩ። ሐሰተኛ ወሬን አትቀበል የሚለው ትእዛዝ በኦሪት ዘጸአት የተጻፈው ያለ ምክንያት አይደለም። የሌላ አገር ፎቶ የእኛ ተብሎ ሲዞር፣ እሱን ያየ ሰው ሲቆጣ፣ ቁጣው ወዴት እንደሚሄድ አይተናል።

በዜና ምን እናድርግ ብላችሁ ከሆነ ቅዳሴውን አዳምጡ። ስለ ሕሙማን ይጸለያል። ስለ መንገደኞች፣ ስለ ዝናም፣ ስለ ወንዞች ውሃ፣ ስለ ምድር ፍሬ ይጸለያል። ልጅ ሆኜ ይረዝምብኝ ነበር። አሁን ሳስበው አባቶቻችን የየዕለቱን ዜና ይዘው እግዚአብሔር ፊት የቆሙበት ቦታ ነው። እኔም ጠዋት ሬዲዮ ከሰማሁ በኋላ ከዜናው አንዱን እመርጣለሁ። አንድ ብቻ። ስለ እሱ አቡነ ዘበሰማያት እደግማለሁ። ሁሉን ለመሸከም ስሞክር ወይ እደነዝዛለሁ ወይ እናደዳለሁ። አንዱን ግን ቀኑን ሙሉ ይዤው እውላለሁ፤ አንዳንዴም ማታ ላይ የማደርገው ነገር አገኛለሁ። ስልክ መደወል፣ ትንሽ ብር መላክ፣ ለቅሶ መድረስ።

ዋርካው ሥር ለጠየቅሽኝ ልጄ፣ አይደለም፣ እውነት አይደለም። በቪዲዮው ያሳየሽኝ ሰው ስለ ሞቱት ተናገረ፤ ወንጌሉ ግን ስላንቺና ስለ እኔ ይጠይቃል። በሚቀጥለው እሁድ ነይና እንጨርሰዋለን።

ያ ግንብ ንስሐ በገባሁበት ዓመት እንደገና ተሠርቷል፤ በራሴ ወጪ፣ ስድስት ቱቦ ገብቶለት። ግቢው ባለቤት ለውጧል፣ አዲሱ ሰው ግን ያስገባኛል። ትናንት ማታ ሲዘንብ አመሸ። ዛሬ ጠዋት ሄጄ አየሁት። አምስቱ ቱቦዎች ይንጠባጠባሉ። ስድስተኛው ደርቋል፤ አፉ ላይ ሣር በቅሎበታል። ነገ ቀጭን ፌሮ ይዤ እመለሳለሁ።