ሁለት ወይስ ሦስት ሞተረኛ?

ጥያቄ፦ አዲስ አበባ ውስጥ አነስተኛ የዕቃ ማድረሻ ሥራ አለኝ። ደንበኞቼ ሰዓት ቆርጠው ነው የሚያዝዙኝ። ቅዳሜ ጠዋት አራት ትእዛዝ አለ፦ ከፒያሳ 2:30 ተነስቶ ካዛንቺስ 3:00 የሚደርስ፣ ከአያት 2:30 ተነስቶ ሲኤምሲ 3:00 የሚደርስ፣ ከመገናኛ 3:20 ተነስቶ ቦሌ 3:50 የሚደርስ፣ ከሜክሲኮ 3:30 ተነስቶ ሳር ቤት 4:00 የሚደርስ። ሦስት ሞተረኛ አሰማራለሁ። ባለቤቴ «በአንድ ጊዜ መንገድ ላይ የሚሆነው ከሁለት አይበልጥ፤ ሦስተኛው ለምን ይከፈለዋል?» ትለኛለች። እውነት አላት?

መልስ፦ ባለቤትዎ ቁጥሩን አግኝተውታል፤ ምክንያታቸው ግን አያስተማምንም።

እኔም በወጣትነቴ በአንድ መሥሪያ ቤት ስምሪት ክፍል ሳለሁ፣ ሥራ የጨረሰውን ሾፌር ሰዓቱ ወደ ቀረበው ትእዛዝ እሰድደው ነበር። ብልህነት ይመስለኝ ነበር። በእርስዎ ዝርዝር ላይ ያንን ብናደርግ ካዛንቺስ የጨረሰው ሞተረኛ ቀድሞ ወደሚነሳው ወደ መገናኛው ይሄዳል። ሲኤምሲ ያለው ደግሞ በ30 ደቂቃ ሜክሲኮ መድረስ አይችልምና እዚያው ይቀራል፤ ለሜክሲኮው ሦስተኛ ሰው ይፈለጋል። እስቲ ያቀያይሯቸው። የካዛንቺሱ ወደ ሜክሲኮ ይውረድ፣ የሲኤምሲው በ20 ደቂቃ መገናኛ ይግባ። ሁለቱ በቁ።

ትእዛዞቹ ሲበዙ ወረቀት ላይ በነጥብ ያስቀምጧቸው። አንዱን የጨረሰ ሰው ለሌላው መነሻ በሰዓቱ የሚደርስ ከሆነ በቀስት ያገናኙ። ከዚያ የቻሉትን ያህል ብዙ ቀስት ይምረጡ፤ ከአንድ ነጥብ ከአንድ በላይ አይውጣ፣ ወደ አንድ ነጥብም ከአንድ በላይ አይግባ። ከትእዛዙ ብዛት የመረጧቸውን ቀስቶች ሲቀንሱ የሚተርፈው የሞተረኛው ቁጥር ነው፤ እዚህ 4 ሲቀነስ 2። መቶ ትእዛዝ ቢኖርዎ ምርጫውን ኮምፒውተር ይሠራዋል፤ የኮምፒውተር ሳይንስ ሊቃውንቱ ሆፕክሮፍትና ካርፕ እ.ኤ.አ. በ1973 ያወጡት ፈጣን ዘዴ አለ።

ባለቤትዎ የሳቱት ነገር አሜሪካዊው የሒሳብ ሊቅ ሮበርት ዲልዎርዝ እ.ኤ.አ. በ1950 ባረጋገጠው ውስጥ አለ። ማንኛቸውንም ሁለቱን አንድ ሰው ሊሠራቸው የማይችል ትእዛዞችን ይሰብስቡ፤ የዚህ ዓይነቱ ትልቁ ስብስብ ስንት ከሆነ፣ የሚበቃው ትንሹ የሰው ቁጥርም ያው ነው። መቆጠር ያለባቸው በሰዓት የሚደራረቡት ብቻ አይደሉም። የሲኤምሲውና የሜክሲኮው በሰዓት አይነካኩም፤ ሆኖም አንድ ሰው ሁለቱን አይሠራም። ርቀቱ አይፈቅድለትም።

ክረምት ገብቶ ከሲኤምሲ መገናኛ 30 ደቂቃ ቢፈጅ ምን እንደሚሆን ይመልከቱ። በአንድ ጊዜ መንገድ ላይ ያሉት አሁንም ሁለት ናቸው፤ ነገር ግን የሲኤምሲው፣ የመገናኛውና የሜክሲኮው ሦስቱም እርስ በርስ አይገናኙም፤ ሦስተኛው ሞተረኛ ግድ ይሆናል። ያን ቀን ሰው ከመጥራትዎ በፊት ለመገናኛው ደንበኛ ይደውሉና 3:30 ላይ ቢረከቧቸው ይስማሙ እንደሆነ ይጠይቋቸው። እሺ ካሉዎት እንደገና በሁለት ያልቃል።